ቤቶች ሲባል የምትበራው መብራት

ሰላም ደውላ «አባዬ አረፈ» ስትለኝ ከቢሮ ወጥቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ባትሪ መግዛት ነው። ሰው ለልቅሶ ሲሄድ ነጠላ ያስባል፣ ጥቁር ልብስ ያስባል። እኔ ከመንገድ ዳር ኪዮስክ አራት ማዕዘኗን ባትሪ ገዝቼ ኪሴ ከተትኩና ወደ ሳውዝ ሲ የሚሄድ ማታቱ፣ የናይሮቢ ሚኒባስ፣ ውስጥ ገባሁ። እንባዬ የመጣው መንገድ ላይ፣ ያውም ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀኝ ነው። ጋሽ መኮንን በቁማቸው ሲያናድዱኝ ኖረው፣ ሞተውም መጀመሪያ ያሳሰቡኝ በዚያች በፈረደባት መብራታቸው ነው።

ጋሽ መኮንን አገር ቤት ሳሉ ዳኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ናይሮቢ የምትሠራው ልጃቸው ሰላም እሳቸውንና ባለቤታቸውን እትዬ ዘነበችን አስመጥታ ሳውዝ ሲ ሰፈር አስቀመጠቻቸው። እኔ ካሳራኒ የሚባለው ሰፈር ከመግባቴ በፊት የምኖረው እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከእነሱ በላይ ባለው ፎቅ ነበር። ታዲያ ዳኝነቱን አገር ቤት ትተውት የመጡ እንዳይመስላችሁ። ቲማቲም ሻጯ ቲማቲሙ የዛሬ ነው ካለቻቸው «በምን ታወቀ?» ይሏታል፣ በአማርኛ። ሐኪሙ ጨው ይቀንሱ ቢላቸው «በምን ታወቀ?» ይሉታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዛሬ ይዘንባል ያለ ሰው ሳውዝ ሲ እስክንደርስ ድረስ ሲመረመር ይመጣል።

እኔ ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል አመል ነበረብኝ። ተምሬው አይደለም። ሉቱሊ ጎዳና ካሉት የዕቃ ሱቆች ርካሽ የጀማሪ መጽሐፍ ገዝቼ፣ ከሥራ መልስ በረንዳዬ ላይ እየበየድኩም እያቃጠልኩም የለመድኩት ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ የበየድኩት ሰሌዳ ጭስ ሲያወጣ ጋሽ መኮንን ከታች አንጋጠው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው የምታጨሰው?»

«ሬዲዮ ነው፣ ጋሼ።»

ትንሽ ቆይተው ደረጃውን እያለከለኩ መጡ። ወንበሬን ሳይጋበዙ ያዙና «ይህን ነገር አስተምረኝ» አሉ።

«ለምን ፈለጉት?»

«ምክንያቱ በዝግ ችሎት ነው። አንተ አስተምር።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እኔ ራሴ ከመጽሐፉ ገና ግማሹን አልጨረስኩም። ዕውር ዕውርን ቢመራው ሁለቱም ገደል ይገባሉ የተባለው ለእኛ ነበር። ግን ሽማግሌ ደረጃ ወጥቶ መጥቶ እንዴት እምቢ ይባላል? የመጀመሪያውን ትምህርት እዚያው ጀመርኩ። አንዲት ቀይ ትንሽ መብራት አሳየኋቸውና «ይህቺን ከባትሪ ጋር ስናገናኝ መሐል ላይ ሬዚስተር እናስገባለን፤ የኤሌክትሪኩን ኃይል ይቀንስላታል። ያለ እሱ ትቃጠላለች» አልኳቸው።

«በምን ታወቀ?»

«መጽሐፉ ይላል።»

«የሰሚ ሰሚ ማስረጃ አይሆንም። አቃጥላትና አሳየኝ።»

«ጋሼ፣ መብራቷ በከንቱ ትሞታለች።»

«ፍርድ ያለ ማስረጃ ከሚሰጥ አንዲት መብራት ትሙት።»

አገናኘኋት። ብልጭ አለችና ጠፋች። ጋሽ መኮንን አንስተው በመነጽራቸው አገላብጠው አዩአት፣ አሸተቷት፣ ከዚያ በጣም ረክተው «አሁን አመንኩ» አሉ። ትምህርታችን ሁሉ በዚህ ዓይነት ሄደ። የተጻፈውን ሁሉ በዓይናቸው ካላዩ ወደ ቀጣዩ ገጽ ወይ ፍንክች።

በማግስቱ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ መጡ። ሌሊቱን ሲያስቡ ነው ያደሩት። «ይህ ሬዚስተር ያልከው ከመብራቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚቀመጠው?»

«በፊትም ቢሆን በኋላም ቢሆን ለውጥ የለውም።»

«እንዴት ለውጥ አይኖረውም? ዘበኛው ከበሩ ውጭ ሲቆምና ሌባው ከገባ በኋላ ጓዳ ውስጥ ሲቆም አንድ ነው ትለኛለህ?»

በሁለቱም መንገድ አብርቼ አሳየኋቸው። መብራቷ እኩል በራች። እሱንስ አዩ፤ ግን አልተዋጠላቸውም። «ኤሌክትሪኩ ከፊቱ ዘበኛ እንዳለ ሳይደርስበት በምን አወቀ?» አሉኝ። አላውቅም። እውነቴን ነው፣ ያኔ አላውቅም ነበር፤ መጽሐፉም እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብሎ አልተዘጋጀም። አላውቅም ስላቸው ደግሞ ደስ አላቸው። «መልካም፤ ምስክሩ አላውቅም ብሏል ተብሎ ይያዝ» አሉና ወረዱ። እኔ ግን እራቴን በወጉ አልበላሁም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የተቃጠለ ዕቃ አለመጣላቸው ነው። ትራንዚስተር አልሠራ ሲል እኔ አውጥቼ ወደ ቆሻሻው መወርወር ነው። እሳቸው እጄን ይይዙኛል። «ተከሳሹ ይሰማ!» ይሉና ከነእግሮቹ ፈተው፣ ለብቻው ሰክተው፣ በቴስተር ሲለኩ ያመሻሉ። «ጋሼ፣ እኮ ርካሽ ነው፤ ሉቱሊ ሄደን ሌላ እንገዛለን» ብል «ርካሽ ስለሆነ ይሰቀል?» ይሉኛል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብዬ አጉረመረምኩ። ሰምተውኛል። ቀና ሳይሉ «ዳኛም ጨምርበት» አሉ።

ቆይተው አንድ ቀን የሚፈልጉትን ነገሩኝ። ከደጅ መጥሪያ ሲጫኑ ቤት ውስጥ የሚበራ መብራት። በጣም ተናደድኩ። «ታዲያ የደጅ ደወል ከሱቅ አይገዛም? ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የሚያቃጥሉኝ?» አልኳቸው። ቤታቸው ይዘውኝ ወረዱ።

እትዬ ዘነበች ጀርባቸውን ሰጥተውን ቴሌቪዥን ያያሉ። ድምፁ ጠፍቷል፤ ትግል ነው የሚያዩት፣ ያን እየተወራወሩ የሚላፉበትን ትግል። ጋሽ መኮንን ከኋላቸው ቆመው «ዘነበች!» አሉ። ዝም። ከፍ አድርገው «ዘነበች!» አሉ። ዝም። እጃቸውን አጨበጨቡ። እትዬ ዘነበች ተጋዳዩ ሲወድቅ ፈገግ አሉ እንጂ ዞር አላሉም። ከፊታቸው ሄደን ስንቆም ግን ብድግ ብለው «ውይ ይልማዬ፣ መቼ መጣህ?» አሉኝ፤ እንዴት ዋሉ ስላቸውም መለሱልኝ። አፌን ነበር የሚያዩት። ያን ያህል ጊዜ ጎረቤታቸው ሆኜ እንደማይሰሙ አላወቅሁም ነበር።

ከሕመም በኋላ ነው አሉኝ ጋሽ መኮንን በረንዳ ላይ። ከሰላምና ከእሳቸው በቀር ማንም አያውቅም። እትዬ ዘነበች ሰው እንዲያውቅም አልፈለጉም፤ «ደንቆሮ ከሚሉኝ ኩሩ ይበሉኝ» ብለው ባላቸውን በማርያም አስምለዋቸዋል። ኩሩ መባሉ ደግሞ ደረሰ። የማኅበር ጓደኛቸው እትዬ አስካለ ሌሎቹን ይዛ ልትጠይቃቸው መጣች። ጋሽ መኮንን ሐኪም ቤት ነበሩ። ሴቶቹ ደጅ ላይ ቆመው ተጣሩ፣ በሩን መቱ፤ በመስኮቱ ቴሌቪዥኑ ሲብለጨለጭ ያያሉ፣ የሚከፍት የለም። የያዙትን ድፎ ዳቦ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ «ቤቷ ሆና በር ዘጋችብን» ተብሎ በየቤቱ ተወራ፤ እግራቸውም ቀረ።

«እኔ በሳምንት ሁለቴ ሐኪም ቤት ነኝ» አሉ ጋሽ መኮንን። «ኩላሊቴ የያዘው ቀጠሮ ደግሞ ይግባኝ የለውም። እስከዛሬ የሷ ጆሮ እኔ ነኝ። እኔ ስሄድ ሰው ደጇ መጥቶ የሚመለስ ከሆነ በቁሟ ቀበርኳት ማለት ነው። ደወል ምን ያደርግላታል? የሚታይ ነገር ነው የምትፈልገው። እኔው ራሴ ሠርቼው፣ ገብቶኝ፣ ሲበላሽ ምኑ እንደተበላሸ አውቄ ላስተምራት ነው የምፈልገው።»

ከዚያ በኋላ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። መናደዱን ግን አልተውኩም፤ እሳቸው መናደድ የሚያስተዉ ሰው አልነበሩማ።

መጥሪያውን ሠራነው። ብየዳውን እኔ ላድርገው ብል እምቢ አሉ፤ ጣታቸው ተቃጥሎ እንቁላል አክሎ ጨረሱት። በባትሪ እንዲሆን ያደረጉትም እሳቸው ናቸው፤ የናይሮቢ መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ ራሳቸው መዝግበዋል። ቀይ መብራቶቹን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀልን፣ የሚጫነውን ቁልፍ ከብረት በሩ ጎን አሰርን። ስንጫን በራ። እትዬ ዘነበች አጨበጨቡ።

ጋሽ መኮንን ሄደው እትዬ አስካለን ለመኗት፤ ዘነበች አሟት ነበር፣ ነይ ጠይቂያት አሏት። መጣች፣ ያውም እሳቸው ሐኪም ቤት በሄዱበት ቀን። እኔ ከላይ በረንዳዬ ላይ ሆኜ አያለሁ። እትዬ አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ቁልፏ አጠገብ ቆመችና «ቤቶች!» አለች። ደግማ «ቤቶች! ደኅና ዋላችሁ ወይ?» አለች። በሩን በቀለበቷ ቆረቆረች። ቁልፏን ክርኗ ሊነካት ምንም አልቀረውም። ጨነቀኝ።

«እትዬ አስካለ! መጥሪያውን ይጫኑት እንጂ!»

አንጋጣ አየችኝ። «እኔ ነኝ መጥሪያ የምጫነው? ምን፣ ውሃ ቆጣሪ ላነብ መጣሁ? ወዳጅ ቤት በደወል ተገብቶ ያውቃል?»

ብላ ሄደች። ደረጃውን ዘልዬ ወርጄ ቁልፏን ስጫን እትዬ ዘነበች ወዲያው ከፈቱልኝ፤ ዓይናቸው ግን ከእኔ ኋላ ሌላ ሰው ይፈልጋል። እትዬ አስካለ መንገዱን ተሻግራ ነበር።

ማታ ለጋሽ መኮንን ስነግራቸው ደነገጡ። ሁለታችንም አበሻ ሆነን፣ ሁለታችንም ሰው ቤት ስንሄድ «ቤቶች» ብለን እየገባን፣ የሚጫን ነገር ለአበሻ ሠራን። በሩ ላይ «እባክዎ ይጫኑ» ብለን እንለጥፍ አልኳቸው። «ሰው ቤቴ ሲመጣ መመሪያ አንብቦ አይገባም» አሉ። «ሕዝቡ አላጠፋም። ያጠፋው መሣሪያው ነው። ጆሮ ይግጠምለት።»

እንግዲህ የእኔ መከራ የጀመረው ከዚህ ነው። ማይክራፎን ገዛን፤ ድምፅ ሲሰማ መብራቱን የሚያበራ ሰሌዳ ሠራን። ሠራ፤ ከሚገባው በላይ ሠራ። ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ይበራል። ማታቱ ጥሩምባውን ሲነፋ ይበራል። አዛን ሲባል እስኪያልቅ ድረስ ይበራል። እትዬ ዘነበች በሩን ሲከፍቱ ሲዘጉ ዋሉና ማታ «ቤቴን የእብድ ቤት አደረጋችሁት» አሉን።

«ቤቶች ሲባል ብቻ እንዲበራ አድርገው» አሉኝ ጋሽ መኮንን።

«ጋሼ፣ ቃል አያውቅም። ጩኸት ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ውሻ እንኳ የጌታውን ድምፅ ይለያል።»

«ታዲያ ውሻ ይግዙ!»

ይህን ያህል ደፍሬ ተናግሬአቸው አላውቅም። አልተቀየሙኝም፤ ውሻ የገዙ እንደሆነ ዘነበች ጩኸቱን እንደማትሰማ በትዕግሥት አስረዱኝ።

የኋላ ኋላ ማይክራፎኗን የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተን ጣሳውን በሩ ላይ፣ የሴት አፍ በሚደርስበት ልክ አሰርነው። የመንገዱ ጩኸት ተቀነሰ። የመስማት ኃይሏን የምትወስነውን ሬዚስተር ትንሽ ትንሽ እያዞርን ለመመጠን ደግሞ አንዳችን ውስጥ ሆነን አንዳችን ደጅ ቆመን መጣራት ነበረብን። ጋሽ መኮንን፣ በስንቱ ላይ የፈረዱ ሰው፣ በገዛ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው ድምፃቸውን አቅጥነው እንደ እትዬ አስካለ «ቤቶች!» ይላሉ። ከጎን ያለችው ኬንያዊት ወጥታ አየቻቸው።

«ምዜ፣ ክዋኒ ኡሜፖቴዛ ኡፉንጉዎ?»

«ምን ትላለች?» አሉኝ።

«ሽማግሌው፣ ቁልፍ ጠፋብዎት ወይ ነው የምትለው።»

«በምን አወቀች በላት» ብለው ጩኸታቸውን ቀጠሉ።

ልክ ተሳካ ባልንበት ሰሞን መብራቱ ጭራሽ እምቢ አለ። ባትሪው ነው አልኳቸው። «ባትሪው አዲስ ነው፤ ከሳሽ የለበትም» አሉ። ሰሌዳውን ፈቱት። እያንዳንዱን ሬዚስተር፣ እያንዳንዱን ትራንዚስተር ለብቻው ችሎት አቀረቡት። በየምሽቱ እየወረድኩ ባትሪው ነው እላለሁ፣ በየምሽቱ ተራህን ጠብቅ ይሉኛል። በቃኝ ብዬ መውረድ ተውኩ። ከዚያ አንድ ማታ በሬ ተንኳኳ። ደረጃው ላይ ስንቴ እንዳረፉ ከትንፋሻቸው ያስታውቃል። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ያን ቀን ሐኪም ቤት ውለዋል።

«ሁሉም በነፃ ተለቀቁ» አሉ።

«እና?»

«ባትሪው ነው።»

ይቅርታ እንኳ አላሉኝም። ወረድኩ፤ ባትሪ ቀየርን፤ በራ። ጋሽ መኮንን ለእትዬ ዘነበች ፊታቸውን አዙረው፣ ቃል በቃል፣ በዝግታ «ሲደክም ባትሪው ነው። ሌላውን አትጠርጥሪ» አሏቸው። እንዲህ ባዮቹ እሳቸው ናቸው እንግዲህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እኔ የሌለሁ እንደሆነ ባትሪው የአንተ ነው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

እትዬ አስካለ እንደገና በስንት ልመና መጣች። ፊቷን አኮሳትራ ከደጅ «ቤቶች» አለች፤ ሁለተኛውን ሳትጨርስ በሩ ተከፈተ። እኔና ጋሽ መኮንን ሳሎን ተቀምጠን የማናውቅ መስለናል። «ምነው ዘነበች፣ ጆሮሽ እንዲህ ቀጭን ነበር እንዴ?» አለች እትዬ አስካለ። ጋሽ መኮንን ሳላቸው። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ፤ የመብራቷን ነገር ለጠየቀ ሰላም ያመጣችው ጌጥ ነው ይባላል። እኔ ኪራይ ከብዶኝ ካሳራኒ ገባሁ፤ በየጊዜው ግን ባትሪ ይዤ እመጣ ነበር። ስመጣ ደግሞ አንድ አዲስ ጥያቄ አይጠፋም። መጨረሻ ያየኋቸው ቀን እንኳን «ያ ዘበኛ ከመብራቷ በኋላ ቆሞ እንዴት እንደሚጠብቃት ዛሬም አልገባኝም» አሉኝ። እኔም ተናድጄ ወጣሁ።

ለልቅሶው ስደርስ የሕንፃው ግቢ ወንበር በወንበር ሆኗል። እየተላቀስኩ ወጣሁ። ሰላም ዓይኗ አብጦ ደረጃው ላይ ተቀበለችኝ።

«ይልማ፣ ፕሊዝ ያንን ነገር ስዊች ኦፍ አድርግልኝ። ከጠዋት ጀምሮ እየበራ እየጠፋ ነው። ሾርት ያደረገ መስሏቸው ሰዎቹ እየፈሩ ነው።»

ገባሁ። እትዬ ዘነበች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ በዙሪያቸው ደረታቸውን ይመታሉ። እሳቸው ግን ማንንም አያዩም፤ ዓይናቸው ከቴሌቪዥኑ በላይ ነው። አዲስ ለቀስተኛ ደረጃውን እየጮኸ በመጣ ቁጥር መብራቷ ትበራለች፣ ልቅሶው ሲበርድ ትጠፋለች። ደክማለች፤ ቅላቷ ፈዟል። እጄን ወደ ሽቦው ስሰድ እትዬ ዘነበች ክንዴን ያዙኝ።

«አታጥፋው፣ ይልማዬ። ልቅሶውን በሱ ነው የምሰማው።»

ከፍ አድርገው ነው የተናገሩት፤ ራሳቸውን ስለማይሰሙ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ አስካለ ከበሩ አጠገብ ነበረች፤ ቀርባ ፊታቸው ተንበረከከች። «ዘነበች፣ ምን ማለትሽ ነው?»

እትዬ ዘነበች አፏን አዩ። «ጆሮዬ ከጠፋ ቆየ፣ አስካለ። መኮንን ነበር ጆሮዬ። ያኔ ደጄ ቆመሽ ስትጣሪ አልሰማሁሽም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። የሚያለቅስ ጠፋ። መብራቷም ጠፋች። እትዬ ዘነበች መብራቷን አዩ፣ ከዚያ ሰዉን አዩ።

«ምነው ዝም አላችሁ? አልቅሱለት እንጂ።»

ባትሪውን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ገባቸውና ክንዴን ለቀቁኝ። አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ሰካሁ። እትዬ አስካለ ተነሳች። በሰዉ መሐል አልፋ ወጣች፤ ባዶ እግሯን ደጃፉ ላይ፣ ከጣሳው ፊት ለፊት ቆመች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«ቤቶች!» አለች፣ ድምፏ እየተቆራረጠ። «ቤቶች! ዘነበች! ለመኮንን ላለቅስ መጣሁ።»

ቀዩ ቦግ አለ።

«ግቢ፣ አስካለ» አሉ እትዬ ዘነበች።